ከሙሽራዪቱ ጎን ያለው ወንበር

ባለፈው ሳምንት ቪያ ቮልቱርኖ ጎዳና ካለው የሐበሻ ሱቅ በርበሬና ኮረሪማ ገዝቼ ስወጣ አንዲት ፀጉሯ የነጣ ፈረንጅ ክንዴን ለቀም አደረገችኝ። ቦርሳዬን ወደ ደረቴ ሳብኩት፤ የሮማው ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ይህን ያህል ዘመን የተመላለሰ ሰው እጁ ሳያዙት ያደርገዋል። ሴትዮዋ ግን ሳቀች። "ሲኞራ ዘውዴ! አላወቅሽኝም? ሙሽራዋ ነኝ እኮ!" አለችኝ በጣሊያንኛ። ስልሳን የተሻገረች ሴት መንገድ ላይ አቁማ "ሙሽራዋ ነኝ" ብትላችሁ ምን ትላላችሁ? እኔ ግን ወዲያው አወቅኋት። ያንን ድምፅ እንዴት እረሳዋለሁ? ሁለቱንም ጉንጬን ሳመችና "ልጅሽስ? ያቺ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትስ?" ብላ ጠየቀችኝ፤ መልሴን ሳትሰማ ባቡሯ እንዳያመልጣት ሻንጣዋን እየጎተተች ሮጠች።

እኔ ከነበርበሬዬ እዚያው ቀረሁ። ትራሙ መጣ፣ ሄደ፣ ሌላው መጣ፤ አልተሳፈርኩም። ጉልበቴን ሐኪሙ ተጠንቀቂለት ያለኝን ረስቼ እስከ ፒኜቶ በእግሬ አዘገምኩ። ዛሬ ፒኜቶ ወጣቱ ሁሉ ብርቱካናማ መጠጥ ይዞ በረንዳ ላይ የሚጎለትበት ሰፈር ሆኗል። በኛ ጊዜ የመኪና ጠጋኝ፣ የጎማ ለጣፊና ደጃፋቸው ላይ ባቄላ የሚፈለፍሉ ባልቴቶች ነበሩበት። በሊራው ዘመን በሺህ አምስት መቶ ሊራ አንድ ትኬት ቆርጠን ከተማውን እናካልል ነበር፤ አንዳንዱንም ጊዜ፣ እግዜር ይቅር ይበለን፣ ሳንቆርጥ።

ያን ጊዜ አብዛኞቻችን ፊሳ ነበርን፤ የምንሠራበት ቤት ውስጥ የምናድር ማለት ነው። ነፃ የምንወጣው ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ነው። ሐሙስ ከምሳ በኋላ ከሮማ አራቱም ማዕዘን የሐበሻ ሴት ወደ ቴርሚኒ ይፈስ ነበር። አለባበሳችንን ብታዩት! ሳምንቱን በሽርጥ ያሳለፈች ሁሉ ከቪያ ሳኒዮ ገበያ በገዛችው ትከሻው ወፍራም ኮት፣ በተተኮሰ ፀጉር፣ በጥቁር ተረከዛም ጫማ ተውባ ትመጣለች። የካሴት ሱቁ የዘፈኑን ድምፅ እስከ ጥግ ከፍቶ፣ የስልክ ቤቱ ወረፋ እስከ ውጭ ተሰልፎ፣ እኛ ደግሞ ከንፈራችንን በጄላቶ እያቀዘቀዝን ስለ አሠሪ ሲኞራዎቻችን የሆድ የሆዳችንን እናወራለን። አንዳንዷ ከናፍቆቷ ይልቅ የሲኞራዋ ውሻ ያበሳጫታል። ሳቃችን የጣቢያውን ማስታወቂያ ይውጠው ነበር።

ሐሙስ ግን የሳቅ ቀን ብቻ አልነበረም። የመርዶም ቀን ነበር። አገር ቤት መርዶ የሚነገረው ጎህ ሳይቀድ ነው፤ ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ በር ይንኳኳል። ሮማ ላይ ግን የትኛዋ ሲኞራ ናት ጎህ ሳይቀድ በሯን ለአምስት ሐበሻ የምትከፍት? ስለዚህ ወሬው ሰኞ ቢደርሰንም አፋችንን ሰብስበን ሐሙስን እንጠብቃለን። ባለመርዶዋ ምሳ መብላቷን እናረጋግጣለን፤ ባዶ ሆድ ላይ መርዶ አይነገርም። የአንዷ ክፍል ውስጥ እንሰበሰባለን፤ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ፤ አንዷ ውሃ ይዛ ትቆማለች። የምትናገረዋ ደግሞ እኔ ነኝ። እንዴት እኔ ላይ እንደወደቀ እንጃ። አንድ ሐሙስ ሌላ ሰው ሲያቅተው ተናገርኩ፤ ከዚያ ወዲያ "ዘውዴ ትንገራት" ሆኖ ቀረ። በሮማ ከተማ የኔን ያህል መርዶ የተናገረ ሰው ያለ አይመስለኝም። በዚህ ይኮራል እንዴ ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ እኮራለሁ። በኔ እጅ መርዶ ሰምታ የወደቀች፣ ራሷን የጎዳች አንዲት የለችም።

ልጄ ትርሲት ስድስት ዓመት ሲሆናት ነው ወረቀቷ ተሟልቶ የመጣችልኝ። ያኔ ፊሳውን ትቼ በሰዓት መሥራት ጀመርኩ፤ ቶር ፒኛታራ ሰፈር ሁለት ክፍል ተከራየሁ። ልጅቷ ከመጣች ጀምሮ አፏ አይዘጋም፤ ስትታጠብ ትዘፍናለች፣ ቲማቲም ስትከትፍ ትዘፍናለች። የትምህርት ቤቷ መምህርት ጠርታኝ "ይህቺ ልጅ ድምፅ አላት" ስትለኝ የተቆጣችብኝ መስሎኝ "እሺ፣ ሁለተኛ አይለምዳትም" ብያለሁ። እንዲህ ስንባባል አድጋ ኮንሰርቫቶሪ፣ የሙዚቃው ትምህርት ቤት፣ ገባች። እዚያ ደግሞ ከሁሉ መርጣ የጥንቱን ወደደች፤ የዛሬ አራት መቶ ዓመት ገደማ የተጻፈውን፣ ኦፔራ ገና ሲወለድ የነበረውን። "ምነው አዲስ ነገር የለም?" ስላት "ማማ፣ ይሄ ነው አዲሱ፣ ሰው ስለረሳው" ትለኛለች።

ሃያ ሁለት ዓመቷ ላይ ነው ነገሩ የመጣው። ማኤስትሯቸው፣ የሙዚቃ መሪያቸው፣ አንድ የጥንት ኦፔራ ቲቤር ወንዝ ማዶ ባለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ሐሙስና ዓርብ ሊያቀርብ ተዘጋጅቷል፤ ከዚያም በሌሎች ከተሞች። ታሪኩ አጭር ነው። ባሕር ዳር ያለች ሙሽራ በሠርጓ ቀን የሙሽራውን መርከብ ትጠብቃለች፤ ጓደኞቿ ይዘፍኑላታል፤ በመሃል አንዲት መልእክተኛ መጥታ መርከቡ መስጠሙን ትነግራታለች። ያቺን መልእክተኛ የምትዘፍነው ሴት ሳምንት ሲቀራት ድምፅዋ ተዘጋ። ትርሲት ከአጃቢዎቹ መሃል ነበረች። ማኤስትሮው ጠራትና "ሐሙስ ትዘፍኛለሽ፤ ዓርብ ትደግሚያለሽ፤ ለሌሎቹ ከተሞች አንቺን ልውሰድ ሌላ ልፈልግ ከዚያ እወስናለሁ" አላት። ልጄ ያን ሳምንት እህል አልቀመሰችም ማለት ይቻላል።

ማክሰኞ ዕለት ሽንኩርት እየላጥኩ እያለሁ ወጥ ቤት ገብታ ተለማመደች። ክንዷን ግንባሯ ላይ አድርጋ፣ እየተንሰቀሰቀች፣ ዓይኗን ጨፍና።

"ምን ሆነሻል?" አልኳት።

"መርዶ እየተናገርኩ ነዋ! ማኤስትሮው ሁለቴ አስቆመኝ። 'ድምፅሽ ቆንጆ ነው፣ ግን አላምንሽም' አለኝ።"

"እውነቱን ነው።"

"ማማ!"

"ምን ማማ ትያለሽ? መርዶ የሚናገር ሰው እያለቀሰ አይገባም። አንቺ ቀድመሽ ካለቀስሽ እሷን ማን ይይዛታል?"

"ግን ኖታው ሐዘን ነው፣ ሙዚቃው ራሱ..."

"ኖታውን አላውቅም። በሩን ግን አውቀዋለሁ።" ቢላዬን አስቀመጥኩ። "ከበሩ ቀስ ብለሽ ግቢ። አትሩጪ፣ የሮጠ ሰው ያስደነግጣል። አጠገቧ ማን እንዳለ አስቀድመሽ እዪ። ሦስት እርምጃ ሲቀርሽ ቁሚ። ስሟን ጥሪና ዝም በይ።"

"ስንት ባቱታ ዝም ልበል?" ባቱታ የሙዚቃ ቁጥራቸው ነው።

"እስክትሰማሽ ድረስ።"

"አሎራ፣ ከዚያስ?"

"ከዚያ እንደ ተራ ነገር ተናገሪው። ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ። ዓይኗን አትልቀቂ። ማልቀስ የሷ ድርሻ ነው።"

ደረጃው ላይ አስወጥቼ ደጋግሜ አስገባኋት። ስትገባ እመልሳታለሁ፣ ስትገባ እመልሳታለሁ። ለመጨረሻ ጊዜ ገብታ ስም ጠርታ ዝም ስትል፣ ፊት ለፊታችን የሚኖረው ባንግላዴሻዊ ጎረቤታችን በሩን ከፍቶ ብቅ አለ፤ ፊቱ ተለዋውጧል። "ሲኞራ፣ ማን ሞተባችሁ?" አለኝ። ትርሲት በደስታ ዘላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሰውየው ግራ ገብቶት በሩን ዘጋው።

ሐሙስ መሆኑ ለኔ ሎተሪ ነበር። ነፃ ቀናችን ነዋ! አሥራ አንድ ሴት ጠራሁ፤ ከሁላችን ታላቅ እትዬ በለጡ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በጎንደር ሠርግ ቤት ሁሉ እሳቸው ሳይኖሩ ድግስ አይጀመርም ነበር ይባላል። "ምን እንልበስ?" ሲሉኝ "የሠርግ ነገር አለበት፣ የሐበሻ ልብስ" አልኳቸው። ታሪኩን ግን አልነገርኳቸውም። መርዶ እንዳለበት አስቀድሜ ባወራ ኖሮ ያ ሁሉ አይመጣም ነበር፤ ግን ሃያ ዓመት መርዶን በሆዴ ይዤ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ልማዴ አልፈቀደልኝም።

ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሏል። ባለ ጥለት ነጫጭ ቀሚስ ለብሰን ሁለት ረድፍ ሞልተን ተቀመጥን፤ ሮማ ሁሉ ዞሮ አየን። ከፊታችን ዘፋኙም መቺውም ጥቁር በጥቁር ለብሰው ወጡ።

"ማን ሞቶባቸው ነው?" አሉኝ እትዬ በለጡ በሹክሹክታ።

"ደንባቸው ነው እትዬ። በኮንሰርት መልክ ስለሆነ የድራማ ልብስም መጋረጃም የለም፤ ቆመው መዝፈን ብቻ ነው።"

"ሙሽራዋም በጥቁር?"

"ሙሽራዋም በጥቁር።"

"አይ ፈረንጅ!" ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ማኤስትሮው ራሱ ፒያኖ መሳይ ነገር ላይ ተቀምጦ በአንድ እጁ ይመታል፣ በሌላው ይመራል፤ ድምፁ ግን የፒያኖ አይደለም፣ ወደ ክራር ይጠጋል። አጠገቡ አንገቱ ከባለቤቱ የሚረዝም የክር መሣሪያ የያዘ ወጣት አለ። ሙሽራዋ መሃል ላይ አንዲት ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ጓደኞቿ ከኋላ ቆመው ዘፈኑላት፤ ደስ ይል ነበር፣ የኛዎቹም ትከሻቸውን መነቅነቅ ዳር ዳር ብሏቸው ነበር። ከዚያ ሙዚቃው ቀጠነ። ከኋላችን ትልቁ በር ሲከፈት ሰማሁ።

ትርሲት ነበረች። ከመድረክ ሳይሆን ከበር ነው የገባችው። በመቀመጫዎቹ መሃል ቀስ ብላ መጣች። ከሴቶቹ ውስጥ ለስድስቱ እንደዚያ እየተራመድኩ መርዶ ነግሬያለሁ፤ ያን እርምጃ ጆሯቸው ያውቀዋል። ሦስት እርምጃ ሲቀራት ቆመች። ስም ጠራች። ዝም አለች። ማኤስትሮው እጁን አንስቶ ጠበቃት። ዝምታው ረዘመ፤ አንድ የሚያስል እንኳ ጠፋ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ግራና ቀኜ የጨርቅ ኮሽታ ሰማሁ፤ ዘወር ብል አሥራ አንዱም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ማንም ሳይነግራቸው፣ የጥንቱን ጣሊያንኛ አንድ ቃል ሳይሰሙ፣ ሐዘን ተቀምጠዋል።

ትርሲት ዝቅ አድርጋ መዝፈን ጀመረች። መሃሉ ላይ ስትደርስ እትዬ በለጡ ብድግ አሉ።

"ብቻዋን?" አሉ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ። "ይህቺን ልጅ ብቻዋን አስቀምጠው ነው እንዴ የሚነግሯት?"

ቀሚሳቸውን ጎተትኩ። አመለጡኝ። ከጥግ አንድ ባዶ ወንበር አንስተው፣ መሃል ሜዳውን አቋርጠው፣ ከሙሽራዋ ጎን አስቀምጠው ቁጭ አሉ፤ እጇንም በሁለት እጃቸው ያዙ። አስተናባሪው ከጥግ ተነሣ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር፤ የልጄን ሥራ በገዛ እንግዶቼ ገደል ከተትኩት። ትርሲት አየች። አላቋረጠችም። ማኤስትሮውም ቀና አላለም። ሙሽራዋ እትዬ በለጡ ትከሻ ላይ ጋደም ብላ የራሷን ልቅሶ እጇን እንዳስያዘች ዘፈነችው፤ አስተናባሪውም ቀስ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።

ጭብጨባው ሲያበቃ ሴቶቹን ሰብስቤ ሹልክ ልል ስል ማኤስትሮው መንገዱን ዘግቶ ቆመ። አጭር፣ ላብ ያጠመቀው ሰው ነው። "እነዚህን ሴቶች ማን አመጣቸው?" አለ።

"እኔ ነኝ ማኤስትሮ። እናቷ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"ለምንድን ነው ሄዳ የተቀመጠችው?"

"እኛ ዘንድ መርዶ የሚሰማ ሰው ብቻውን አይቀመጥም።"

ከዚያ ወደ ትርሲት ዞረ። "ያን ዝምታ ከየት አመጣሽው?"

"ከወጥ ቤት" አለችው ልጄ።

"ቫ ቤኔ፣ ይሁን። ወንበሩ ነገም ይኑር፤ ሴትዮዋም ትምጣ። ስለ አንቺ ግን ነገ ነው የምወስነው። አንድ ቀንማ ማንም ይሳካለታል።"

እትዬ በለጡ ሲተረጎምላቸው ሳቁ። "ዓርብማ ማን ይለቀኛል? ሲኞራዬን ማን ያጎርሳታል? አንቺ ተቀመጪላት፣ ዘውዴ።"

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነጠላዬን ተኩሼ ሄድኩ። ልዋሽ አልችልም፣ ኮራሁ። ስንቱን የሮማ ወለል ተንበርክኬ የወለወልኩ ሴት ፀጉራም ካፖርት በለበሱ ሰዎች ፊት፣ ከሙሽራ ጎን ጀርባዬን ቀጥ አድርጌ ተቀመጥኩ። የሙሽራዋን እጅ ያዝኩ፤ ቀዝቃዛ ነበር። ዘፈኑላት። ሙዚቃው ቀጠነ። በሩ ተከፈተ።

ያን ሁሉ ዘመን መርዶ ስናገር የምመጣው እኔ ነበርኩ። ወደ ሰው ሲመጣ ምን እንደሚመስል አይቼ አላውቅም። ልጄ ስትመጣ አየሁት። ስም ጠርታ ዝም ስትል፣ ለማንም ተናግሬ የማላውቀው ነገር ደረቴን ሰንጥቆ ወጣ። የእናቴን ሞት የሰማሁት ቪያ ቮልቱርኖ፣ ስልክ ቤት ውስጥ ነው። ለበዓል እንኳን አደረሳችሁ ልል ደወልኩ፤ የማላውቃት የጎረቤት ልጅ አነሳችና "እሳቸውማ ከተቀበሩ ሰነበቱ" አለችኝ። ካርዱ አለቀና ስልኩ ተዘጋ። ለሰው ሁሉ የምናገር እኔ ስለነበርኩ ለኔ የሚናገር አልነበረም፤ አንዷ ሌላዋ የነገረችኝ መስሏት ነው። ወደ ሥራዬ ተመልሼ ሸሚዝ ተኮስኩ። አላለቀስኩም። ጊዜ አልነበረኝም፤ በኋላ ደግሞ አለፈበት ብዬ ተውኩት።

እዚያ ወንበር ላይ አለቀስኩ። ድምፅ የለውም፣ ግን ነጠላዬ እስኪርስ ነበር። ሙሽራዋ ቀድማ አወቀች፤ ይዤው የነበረውን እጅ ገልብጣ እሷ ያዘችኝ። ትርሲት ሦስት እርምጃ ራቅ ብላ ቆማ አየችኝ። በሕይወቷ ስታለቅስ አይታኝ አታውቅም። ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። የማኤስትሮው እጅ አየር ላይ ቀርቷል። አንዲት እንባ ብታመልጣት ድምፅዋ ይሰበራል፣ ሌሎቹ ከተሞችም ይቀራሉ። በሆዴ "በእመቤቴ፣ አይዞሽ፣ አታልቅሺ" አልኩ። እሷ ዓይኔን አልለቀቀችም። አየር ሳበች። ዝቅ አድርጋ፣ አጥርታ፣ ቃል በቃል ነገረችኝ፤ መርከቡን፣ ማዕበሉን፣ የሰጠመውን። አንድም ቦታ አልተሰበረችም።

ሲያበቃ ማኤስትሮው የሌሎቹን ከተሞች ፕሮግራም በእጇ ሰጥቷት ሄደ። ወረቀቱን ኪሷ ከታ ከአንድ ዓምድ ኋላ ተሸሽጌ ወደተቀመጥኩበት መጣች።

"ማማ፣ ለማን ነው ያለቀስሽው?"

"ለእናቴ።"

ከሞቱ ስንት ዓመት ሆናቸው አላለችኝም። አጠገቤ ቁጭ ብላ እጄን ያዘችና ያኔ፣ ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ፣ አብራኝ አለቀሰች። ሰዎች የመሣሪያ ሳጥናቸውን እየተሸከሙ በፊታችን አለፉ። እኔ ለስንቱ ሰው መርዶ ተናግሬያለሁ፤ እንደሷ አድርጌ የተናገርኩበት አንድም ቀን የለም።